የዘሩስ?

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ኮንዶሚኒየሙ ቀለሙ ሳይደርቅ ግድግዳው ሲነቃ፣
መስኮት የሌለው ቤት አለን፣ ሌት ተቀን የሚያጓራ፣
ውስጡ ውርጭ፣ ውጪው ጄኔሬተር፣ መብራቱ የሚጠቅስ በተራ በተራ።
«ደመና» እንለዋለን። ደንበኛ መጥቶ ሲጠይቅ፣
ጣታችን ይጠቁማል ወደ ላይ፣ ሩቅ፣ እጅግ ሩቅ።
እንጂማ ደመናው
ሲሚንቶ ላይ የቆመ፣ አይጥ የሚፈራ ብረት ነው፣
ኪራይ የሚቆጥርበት፣ ሲያሻው መብራት ኃይል የሚያጠፋው።

የሌሊት ፈረቃው የኔ ነው። በሩ ላይ ጋሽ ቱፋ፣
በካፖርት ተጠቅልሎ፣ ራዲዮው ጆሮው ሥር ሲያንኮራፋ።
ይህ መሬት የሱ ነበር፤ ምስርና ጤፍ ያበቀለ፣
የካሳው ግማሽ ዛሬም «በሂደት ላይ ነው» እየተባለ።
በሚያዝያ አንድ ሌሊት ገባ፤ መደርደሪያውን ዞሮ ዞሮ፣
«ይሄ ሁሉ የማን ነው?» አለኝ፣ አንገቱን ኮሌታው ውስጥ ቀብሮ።
ነገርኩት፦ የክሊኒክ ካርድ፣ የማኅበር ሰነድ፣ የሠርግ ፎቶ፣
የተማሪ ውጤት፣ የዱቤ መዝገብ፣ ሁሉም እዚህ ተከማችቶ።
«አንዱ ቢበላሽ» አልኩት በኩራት፣ «ወዲያው አለ ሌላ፣
በዚህ ገመድ፣ ከዋናው እኩል፣ እየኮረጀ የሚሞላ።»
ገመዱን በጣቱ ተከትሎ ከዚህ እስከዚያ ሄደ፣
«ጎተራና ጎተራ» አለ፣ «በአንድ ሣር የተጋመደ።
የዘሩስ?»
«የምን ዘር?»
«የማይበላው። ጉድጓድ የሚገባው፤ ለጎረቤት የማይነገር፣
ጎተራው ቢነድ እንኳ ለክረምት የሚተርፍ፣ ከምድር በታች የሚያድር።»

ሳቅኩ። ካፖርቱን አስተካክሎ ወጣ፣
ስልኬ ጮኸ፤ ሌላ ጉዳይ መጣ።

ጳጉሜ ሦስት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣
አንድ መብራት ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ አፍታ።
በር አልተሰበረም። ጋሽ ቱፋም አልተኛም።
የመጣው በግቢው በር አይደለም፤ ኮቴ የለው፣ ጥላም።
የሰው ስም የነበረው ካርድ
ትርጉም የሌለው ፊደል ሲሆን በዓይኔ አየሁ፣ እጄ ሲርድ።
ገመድ ነቀልኩ፤ አንዱን፣ ሌላውን፤ ግን ቀድሞኝ ነበር፣
ቅጂውም ከዋናው እኩል ተቆልፎ፣ በዚያው ገመድ፣ በዚያው በር።
ሁለት ዲስክ ነበሩን፣ በሳምንት አንዴ ተቀድቶባቸው የሚነቀሉ፤
መንቀሉ ሰለቸኝ። ሰክቼ ተውኳቸው። እነሱም አብረው ተበሉ።
ጅብ ከሄደ እንደሚጮህ ውሻ፣ ደወሉ ያን ጊዜ ደወለ፣
በየስክሪኑ ጥቁር ጽሑፍ፣ አንድ ዓይነት፣ ተንጠለጠለ፦
«ክፈሉ። ሰባት ቀን አላችሁ። ቁልፉ ከኛ ዘንድ ነው። መልካም ቀን።»

መልካም ቀን!

ሲነጋ የሠፈሩ ልጆች በጳጉሜ ዝናብ ሲራጩ፣
ደንበኞች በሩን ሞሉት፤ ገሚሱ ዝም፣ ገሚሱ ሲንጫጩ።
ፎቶ አንሺው ደርቤ «አራት መቶ ሠርግ!» ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣
አለቃችን ስልኩን አጥፍቶ በጓሮ በር አመለጠ።
የክሊኒኳ ነርስ «የደም ዓይነታቸው እንኳ...» ብላ ቃሏን ዋጠች፣
ከሁሉም ኋላ የቁጠባ ማኅበሯ አስካለች መጣች።
ከቦርሳዋ የወተት ጣሳ፣ ከጣሳው ካልሲ፣ ከካልሲው አንድ ዲስክ፣ ሌጣ፤
በየዓርቡ ቀድታ የምትነቅለው፣ ቁም ሳጥን ሥር የሚተኛ፣ ለማንም የማይወጣ።
«ባሌ ደብተሩ ላይ ሻይ ደፋብኝ» አለች፣ «ያኔ ነው የነቃሁ።
ባዶ ማሽን ስጡኝ፤ የጎደለውን አምስት ቀን በእጄ እሞላዋለሁ።»
እኛ «ደመና ፈሪዋ» ነበር የምንላት።

ማታ ዝናቡ አባራ። ማሽኖቹ ጠፍተው ቤቱ ዝም ሲል፣
ጋሽ ቱፋ መጥቶ ቆመ፤ ነግሬህ ነበር ይላል ስል፣
«የገበሬ ማኅበሩ ዝርዝር» አለኝ፣ «የካሳው፣ ስማችን የተጻፈበት፣
እሱም እዚህ ነበር እንዴ?»
ነበር። አራተኛው መደርደሪያ፣ ከሥር፣ ቅጂውም አጠገቡ የተሰካበት።

አየኝ። አየሁት።
ራዲዮውን አጠፋ።
«የዘሩስ?» አላለኝም።