ኖራ

ከደሴ ተነሣሁ ገና ሳይነጋጋ፣
ኩታበርን አልፌ፣ በጭነት መኪና፣ ከማዳበሪያው ጋ።
ሥራዬ ቀላል ነው፤ ዘር ድንች መምረጥ፣
ዓይኑን እየቆጠርሁ ሆዱን መቁረጥ፤
አንዲት ጠቁራ ባገኝ፣ ክምሩን በሙሉ
«አይሆንም» እላለሁ። ይቀየሙኛል፤ ታዲያ ምን ይበሉ?

ወይራ በር ትንሽ ናት፤ አንድ ወፍጮ፣ አንድ መስጊድ፣
ሚካኤል ከማዶ፣ ከገበያው ጀርባ የሚያንሸራትት መንገድ።
ወፍጮዋ ቆማለች፤ መብራት የለም ዛሬ፤
አጥር ሥር ተኮልኩሏል መዛኝ ከገበሬ።
«ኑሪያ!» ብሎ አንዱ ከበሩ ቢጣራ
ሦስት ልጆች ዞሩ፤ ያንዷ ካንገቷ ላይ መስቀሏ ሲያበራ።

ጋሽ አበጋዝ እንድሬ፣ ድንች ጠባቂው ሰው፣
ቁልፉን ከቀበቶው በጣቱ ዳሰሰው።
«ያሠራችው ፈረንጅ» አለኝ ስንገባ፣
«ጸጉሯ ዳማ ነበር፤ ፊቷ ላይ የተበተነ ተልባ።
ካየርላንድ ነው የመጣች፣ በሰባ ሰባት።
ስሟ ኖራ ነበር፤ እኛ ኑሪያ አልናት።
ኖራማ አይባልም፤
ሰው እንዴት ይጠራል በግድግዳ ቀለም?

አንድ ማታ ታዲያ፣ ልጆች መዝና ደክሟት፣
ከእናቴ ጎን፣ ድንጋይ ላይ፣ ወገቧ ተቆርጦ ቁጭ ብላ ስናያት፣
‹ባገሬ ድንች ነበረ› አለች፤ ‹አንድ ሌሊት ጠቆረ።
ሰው ሣር በላ። ሰው መርከብ ሄደ። ሰው መንገድ ላይ ቀረ።
የአያቴ እናት... ተራበ። ልጅ ሞተ።›
‹ፈረንጅም ይራባል?› ብሎ የወንድሜ አፍ በሣቅ ተከፈተ።

እናቴ አልሣቀችም። ሁለት ቀብራ ነበር በዚያው ሳምንት።
ጠጋ ብላ፣ ‹የልጁ ስም ማን ነው?› አለቻት።
ኑሪያ አንዷን ብቻ ታውቅ ነበር፦ ብሪጅድ።
‹ታዲያ ማን አለቀሰላት ያኔ፣ ሁሉም ሲሰደድ?›
ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፤
ከራበው ሰው ዓይን እንባ መች ጠብ ይላል? ያን ለት ግን አለ።
አንዷ ‹ነፍስ ይማር› ስትል፣ አንዷ ዱዓ ስታደርግ፣
ለማያውቋት ሕፃን፣ ባሕር ማዶ ለቀረች፣
መንደሩ ሲያለቅስ አደረ፤
ኑሪያ መሐል ሆና፣ እንደ ሐዘንተኛ ተደገፈች።»

ዝም አልሁ። ቢላዬን አወጣሁ፤ ሥራ ነው መቼስ፤
ከክምሩ አንዷን ቀይ አንሥቼ ከፈልኋት ቀስ።
ነጭ ናት ውስጧ። ንጹሕ። እርጥብ።
የያዘው ትንፋሽ ወጣ ከጋሽ አበጋዝ ልብ።
የገበያዋ ኑሪያ አንድ ኪሎ ስትመዝንልኝ
ሁለት ድንች ጨመረች፤ «ምራቂ ነው» አለችኝ።

ወደ ማታ፣ መኪናው ጋ፣ ረዳቱ ጀርባዬን አየና
«ኖራ ነክቶሃል፤ አራግፍ» አለኝ፣ እጁን ዘረጋና።
ግድግዳውን ተደግፌ ነበር ለካ ስሰማ።
«ተዋት» አልሁት።
«ማንን?» አለ።
ቁልቁል ወረድን፤ ድንቹ ከኋላችን እየተንኳኳ በጨለማ።