የሆሳዕና ፍትሐት

መጋቢት ሊወጣ ነው፤ ዊኒፔግ ግን ነጭ ናት፤
የተከራየነውን የሉተራኖች ቤት፣
ከምድር በታች ያለ፣ ቧንቧ የሚያንኳኳበት፣
ዘንባባ ሞላነው፥ በሣጥን የመጣ ከቴክሳስ አበባ ቤት።

የውብዳር ከጎኔ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣
ስድስተኛ መርፌዋን ትናንትና ጨርሳ።
ግንባሯ ላይ ያሰርኩት የዘንባባ ጉንጉን
የሚይዘው ፀጉር አጥቶ ወርዶ ሸፈነ ዓይኗን።
ሳቀች። በቅዳሴ መሀል ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤
«አክሊሌ ሰፋኝ» ብላ ጆሮዬ ላይ ሹክ አለች።

ቄስ መርሐ ጽድቅ ወጡ።
«ከዛሬ ጀምሮ፣ ልጆቼ፣ እስከ ትንሣኤ ድረስ
ፍትሐት አይደገምም፣ ለሞተ አይቀደስ፤
በዚህ ሳምንት የሚጠራ ቢኖር ከመካከላችን
ዛሬ ይደገምለት፣ ቆመን፣ በሕይወት ሳለን።»

አቀረቀርን ሁላችን። ማን ራሱን ይቆጥራል?
ሰው የሌላውን ሬሳ ዙሪያውን ይፈልጋል።
እሷ ግን ቀና ብላ እንደ ሙሽራ አዳመጠች፣
በክርኗ ጎሸም አርጋኝ «የኔ ነው፥ ዝም በል» አለች።

*

ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሄደች።
ማሪቴስ የምትባል ነርስ፣ ከፊሊፒንስ የመጣች፣
መጋረጃውን ገልጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።
ከጣቷ ያልወለቀ አንድ ነገር ነበረ፥
የእሑዱ የዘንባባ ቀለበት፣ ጫፉ መድረቅ የጀመረ።
ቅጽ የያዘው ሰውዬ ብዕሩን አንሥቶ ጠየቀኝ፥
«ጌጥ ነው? ምን ብዬ ልጻፍ?» ቃል ጠፋብኝ፣ ቸገረኝ።
«ቅጠል» አልኩት። ጻፈው፥ «አንድ ቀለበት፥ ቅጠል»።
ከሥሩ ባዶ መስመር፣ «ተረካቢ» የሚል፤
እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ
ውርጩ ውስጥ ወጣሁ፣ የካፖርት ኪሴን አቅፌ።

ሐሙስ ከሰዓት አውቶቡሴን ነዳሁ፤ እቤት ግድግዳው ይናገራል።
ተሳፋሪው እንደ ልማዱ «አመሰግናለሁ» ይላል፤
ሰው በየፌርማታው ይወርዳል፥ እኔ እስከ ዳር የምነዳ፤
እሷም አመስግና ወረደች፥ ያለ ቅሬታ፥ ያለ ዕዳ።

ዓርብ ሰገድኩ። ሰገድኩ። ቁጥሩ ጠፋብኝ መቶ ላይ፣
ለእሱ ይሁን ለእሷ ሳልለይ።
ወይራ የለም እዚህ አገር፤ በአኻያ ቅርንጫፍ ቄሱ
ጀርባዬን ቸብ አርገው «ሠላሳ ጨምር» ብለው ሳይጨርሱ፣
«የሷንም ለኔ» አልኳቸው። ቅርንጫፉ አየር ላይ ቀረ፤
የእኒያ ጠንካራ ሰውዬ ከንፈራቸው ታሰረ።

ቅዳሜ ቄጠማ አሰሩልኝ፥ የምሥራች ነው ብለው፤
በዚያው ወደ መቃብሯ፣ ራሴ ላይ እንደታሰረው።
አፈሩ ድንጋይ ሆኖ ሌሊቱን በጋዝ እሳት
አሟሙቀውት ነበረ፣ አካፋ እንዲገባበት።
ፍትሐት የለ፣ ማዕጠንት የለ፤ ገመዱ ብቻ ሲያቃስት
ወረደች፤ ከእሑድ ጀምሮ ስንቋን የቋጠረች ሴት።
ጉድጓዱን የቆፈረው ሽማግሌ፣ ኦሬስት የሚባለው፣
ቄጠማዬን አይቶ «በዓል ነው?» አለኝ።
«ነው» አልኩት። «ነገ ነው።»

*

እኩለ ሌሊት። ጧፍ ከጧፍ ተለኮሰ፣
ምሥራቹ ታወጀ፤ ግን ዝምታ ነገሠ፤
እልልታውን አሥር ዓመት የምትጀምረው እሷ ነበረች፤
እያንዳንዷ ሴት ዞራ ያችን ባዶ ቦታ አየች።
ያን ጊዜ ልጃችን ኬብሮን፣ ሰባት ዓመቷ፣ ጥርሷ የጎደለ፣
«እል—» አለች፥ ተሰበረ፤ ደግማ «እልል—» አለች፥ ቀጠለ፤
ወንዝ ላይ እንደ ስስ በረዶ፣ በጸደይ እንደሚሰነጠቅ፣
ከሥር ውኃ መኖሩን ለሰው እንደሚያሳውቅ።
ከዚያ ቤቱ ፈነዳ። ቧንቧው ሳይቀር አንኳኳ።
አፌ እልል ሲል፣ ዓይኔ ያነባ ነበር ለካ።

ደስታ ኀዘንን አባሮ የሚገባ መስሎኝ ነበር፤
አጠገቡ ተቀመጠ፥ እንደ ለቅሶ ደራሽ፥ እስኪነጋ ሊያድር።

ሲነጋ፣ እንቅልፍ የጣላትን ኬብሮንን ታቅፌ ደረጃ ስወጣ፣
ከካፖርቴ ኪስ ያ ወረቀት ከቁልፉ ጋር መጣ።
«አንድ ቀለበት፥ ቅጠል።» መስመሩ ባዶ ነው።
ብዕሬን መልሼ ከተትኩ።
ፈርሟል የተረከበው።