ያለፈው ንባብ፣ የአሁኑ ንባብ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደሴን በእግሬ አነበብኳት፤
ከሆጤ እስከ ሳላይሽ፣ ከአራዳ እስከ ቧንቧ ውሃ፣
በየጓሮው አጎንብሼ
የቆጣሪ መስታወት በአውራ ጣቴ እየጠረግሁ
ቁጥር ስጽፍ ኖርሁ።
ውሻ ነክሶኝ ያውቃል፤ ዳገት ግን ነክሶኝ አያውቅም።

ነሐሴ ላይ፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግቢያችን ባደረበት ሌሊት፣
ወደ ሽንት ቤት ስሄድ
የገዛ ደጄ ድንጋይ፣ ስንት ዘመን የረገጥሁት፣
ከእግሬ ሥር ሸሸ።
ድምፁን ሰማሁት።
ማነው በዚህ ሌሊት እንጨት የሚሰብር? አልሁ፤
እንጨቱ እኔ ነበርሁ።

ሐኪሙ ዳሌዬን በብረትና በብሎን አሰረው።
«እንደ ቧንቧ ገጠምኸኝ?» ብለው ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም፤
ቧንቧ ሁልጊዜ የሚያፈስ መጋጠሚያው ላይ ነው።

ሕመሙ ቀን ቀን ሰው ያከብራል፣ ጠያቂ ካለ ዝም ይላል።
ሌሊት ግን የሰፈሩ ፈረቃ ደርሶ
ባዶው ቧንቧ ማጓራት ሲጀምር
እሱም ይለቀቃል፣
ከዳሌዬ እስከ ጉልበቴ፣ እስኪነጋ።

ካልሲ ማጥለቅ ሁለት ሰው የሚፈልግ ሥራ መሆኑን
በሰባ ሦስት ዓመቴ ተማርሁ።
ልጄ ዘሀራ ለውዱዕ እግሬን ታጥባለች፣ ጣት በጣት፤
እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ፣
የቆርቆሮ ምስማር የምቆጥር መስዬ።
ሱጁድ ቀርቶብኛል፤ ወንበር ላይ ሆኜ አንገቴን እደፋለሁ።
ግንባሬ ምንጣፉን ናፈቀ።

ጎረቤቴ ጀማነሽ በመጣች ቁጥር «አብሽር» ትለኛለች።
አብሽር ምርኩዝ ቢሆን ኖሮ
ይኼኔ ጦሳ ጫፍ ነበርሁ።

ትርንጎ፣ እግሬን የምታሠራኝ ልጅ፣ አብሽር አትልም።
«ዛሬስ ስንት?» ትላለች።
በዚህ ምክንያት አብሮኝ ጡረታ የወጣውን መዝገብ አወጣሁ፦

ያለፈው ንባብ፦ ከአልጋ እስከ በር፣ ሰባት እርምጃ።
የአሁኑ ንባብ፦ ከአልጋ እስከ ግቢው ቆጣሪ፣ አሥራ ዘጠኝ።
ልዩነት፦ አሥራ ሁለት።
እንባ የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።

ቆጣሪው መስታወት ላይ ጭቃ ደርቋል።
ማጎንበስ አልችል፤
መሐረቤን በምርኩዜ ጫፍ ጠምጥሜ ጠረግሁት።
ውስጥ ያቺ ትንሿ ቀይ ጥርስ
ቀስ እያለች ትዞራለች።
ማን ነው ውሃ የከፈተ?
ዘሀራ ናት፤ ዙህር ደርሶ
ለእግሬ ውሃ ትቀዳለች።

«ተይው» አልኋት ከውጭ ሆኜ፣
«ዛሬ ቀኙን እኔው አጥበዋለሁ።
ግራውን፣ የተሰበረውን፣
ለሚመጣው ወር ያዢልኝ።»