የካፒቴኑ ክፍል

የቬርና ኒክል ቤት ከዳገቱ አናት
የኖቫ ስኮሺያን ወደብ ያየዋል በስምንት መስኮት፤
ጨው የላሰው እንጨት፣ ቀይ ቀለም የጠጣ፣
ደረጃው ያቃስታል እንግዳ ሲወጣ።
መኝታና ቁርስ ነው፤ በሮቹ ስም አላቸው፣
የመምህሯ ክፍል፣ የጽጌረዳው፣ በናስ ተቀርጾባቸው፤
በየካቲት ደውለው ለሐምሌ ወረፋ የሚይዙለት ግን
የላይኛውን ነው፣ የካፒቴኑን።

እኔ በኅዳር መጣሁ፣ ዋጋው ረከስ ሲል፣
ጭጋግ ወደቡን ውጦት፣ ጡሩምባ ብቻ ሲያስል።

መሪ አለ ግድግዳው ላይ፣ የመርከብ፣ ትልቅ፣
በሰም ታሽቶ ታሽቶ የሚያብለጨልጭ እንደ ወርቅ፤
ከሃሊፋክስ ነው የመጣው፣ አንድ የአሣ ምግብ ቤት ሲከስር፤
ጀርባው ላይ «መጸዳጃ በስተግራ» ይላል፣ በነጭ ቀለም፣ ከሥር።
መጋረጃው ሸራ፣ ማሰሪያው ገመድ፣
አልጋው ጀልባ መሰል፣ የባሏ ወንድም ሁለት ክረምት የጠረበው ግንድ፤
ፋኖሱ አምፖል ያዘለ፤ ኮምፓሱ ሰሜኑን አያውቅም፣
ከቁም ሣጥኑ ሌላ የትም አይጠቁም።

«ካፒቴኑ ማን ነበር?» ይላት ነበር እንግዳ
ፓንኬክ ስትገለብጥ፣ ብሉቤሪው ሲፈነዳ።
«ኢዝራ ኮርከም» ትላለች፣ «ያ የማዕበል ጌታ፤
መርከብ ስትሰበር ከሞት አፍ ሰው ያወጣ፣ በአንዲት ሌሊት፣ በአንድ አፍታ።»
የዛሬ አሥር ዓመት ሰባት ነበሩ እሱ ያወጣቸው፤
ዘንድሮ በሐምሌ ሠላሳ አንድ ደረሱ፤
ባሕር ሳይሆን ምላሷ ወለዳቸው።

ከዚያ በመስከረም፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
አንዲት አሮጊት መጣች፣ ምርኩዟን ተደግፋ፤
ስሟን መዝገቡ ላይ ጻፈች፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፤
ሁልዳ ኮርከም።
ቬርና ቁልፉን ይዛ ቀረች፣ ልትሰጥ ሳትሰጥ።

ወጣች፣ አሥራ አራት ደረጃ፣ አንድ በአንድ።
መሪውን አየች። ኮምፓሱን አየች።
ከጀልባው አልጋ ጫፍ ተቀመጠች።
ሳቀች።
እስክታስል ድረስ ሳቀች።

«አያቴ እኮ» አለች፣ «ወጥ ቤት ነው የነበረ።
ካፒቴን? ባሕር እያጥወለወለው ነው የኖረ፤
በአንድ እጁ ጭልፋ፣ በአንድ እጁ ባልዲ ይዞ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀቀለ፣ ከምድጃው ጋር ተወዝውዞ።
እዚህ ሲመለስ ደግሞ መሬቱ አልቆም አለው፤
ማታ ማታ አልጋውን ከግድግዳው ያስራል፣ እንዳይወስደው።
ሴት አያቴ ትስቅበታለች፤
ትስቅና ቋጠሮውን ታጠብቅለታለች።
ምስማሩ እዚያ ነበር።»

አልጋውን ገፉት፣ ሁለት ሴት፣ አንዷ የሰማንያ ስድስት ዓመት።
ነበረ።
አውራ ጣት የሚያህል፣ ቬርና ሦስት ጊዜ ሳታየው
ከነግድግዳው በሰማያዊ የቀባችው።

መሪውን አላወረደችም። የበሩም ስም አልተፋቀ፤
ምስማሩ ብቻ ነው፣ በአሸዋ ወረቀት ታሽቶ ከቀለሙ የተላቀቀ።
ምንም አልሰቀለችበትም።

ትናንት ቁርስ ላይ አንድ ሰው፣ አፉ እንደጎረሰ፣
«ማን ነበር» አለ፣ «ካፒቴኑ?»
ቬርና ዝም አለች፤ ፓንኬኩ ጠርዙ ሲያር ሸተተን።
«ሠላሳ አንድ ሰው» አለች፣ «በማዕበል መካከል ያበላ።»

ቁጥሩን ግን አልቀነሰችም።