ሁለት ክንድ ከስንዝር

ከመነጽር ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነን፤
ማሞቂያው ያስላል፣ መስኮቱ ያፏጫል፣ ጠዋት ጠዋት ሲበርደን።
የኔ ሥራ መጻፍ ነው፣ የሰው ቃል መልቀም፤
ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዘበኛውን ስም።
«ማን አየ?» «ስንት ሰዓት?» ደግሞም «ከዚያስ?»፤
ይህች ናት፣ «ከዚያስ?» የምትባል፣ ሰው የምታስለቅስ።
ለእንባ ግን ቅጹ ላይ ሣጥን የለውም፤
ወለሉ ላይ ይፈሳል፣ ማንም አይፈርምበትም።

ሜንግ ፒልሱን የመጣች ኅዳር ሲያልቅ ነው፤
የቱመን ወንዝ በረዶ ሲጋግር በሌሊት የተሻገረች፣
ሁለቴ ተይዛ፣ ታስራ የተመለሰች፣
በሦስተኛው ያመለጠች።
ሻይ አቀረብኩላት። «ግድ የለም» አለች።
እኔ የሴኡል ልጅ ነኝና በሴኡል ጆሮ ሰማሁ፤
«ተወኝ» ያለችኝ መስሎኝ ብርጭቆውን አነሣሁ።
ለካ በሷ አገር አፍ «ደኅና ነኝ» ነው ፍቺው፤
ሻዩ ሲሄድ ከፊቷ፣ ዝም ብላ አየችው።
አንድ ቋንቋ ነን እንላለን፤ አይባልም ሐሰት ነው፤
ግን ሽቦ ያለፈበትን ቃል ማን መልሶ ይቀጥለው?

«የክፍሉ ስፋት?» ይላል ቁጥር ዐሥራ አራት።
እዚያ ቤት ሜትር የያዘ እስረኛ የለም።
ተነሥታ ጫማዋን አወለቀች ቀስ ብላ፣
ተንበረከከች፣ ክንዷን ወለሉ ላይ ጥላ፤
አንድ ክንድ። ሁለት። ትንሽ አሰበችና፣ ስንዝር።
ጠመኔ አቀበልኳት፤ ሠራች አራት መስመር።
«ሁለት ነበርን» አለች፣ «በተራ ነው እንቅልፍ፤
የሷን ስም እነግርሃለሁ፤ ግን እንዳትጽፍ፤
እናቷ እዚያው አለች።» እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ፤
ስሙን ሰማሁት፤ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።
ከዚያ ገባችበት። መዳፏ ጉልበቷ ላይ፣
ዐይኗ ግድግዳው ላይ፣ ቀና ሳትል ወደ ላይ።
«ይበቃል» አልኳት። አልሰማችም።
«ይበቃል፣ እናቴ» አልኳት። አልሰማችም።

በሩ ተንኳኳ፤ ጓክ ሙንቴክ ነው፣ ሽማግሌው፣
የቅዳሜ ሰልፋችንን ሰሌዳ የሚጽፈው።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እዚሁ ደቡብ፣ እኛው ነን ያሰርነው፤
«ሐሳቤን ለውጫለሁ» የምትል አንዲት ወረቀት
አልፈርምም ስላለ። እሷ የሸሸችውን መንግሥት
ዛሬም ሲሰድቡበት ፊቱ ይለወጣል፤
ለታሰረ ሰው ግን፣ ማንም ይሁን፣ ይመጣል።

መስመሩን አየ። የጫማውን ክር ፈታ።
ፈቃድ ጠየቃት በዐይኑ፤ ተነሣችለት ለአፍታ።
ገብቶ ጋደም አለ፤ ክርኑ መስመር ነካ።
«ልክ ነው» አለ፣ «ልክ ነው። እዚያም ይኸው ነው ለካ።»
«መስኮት ነበረው?» አለችው።
«አዎ፤ መዳፍ የሚያህል። አንዳንዴ ጨረቃ…»
«የኔ አልነበረውም።»
ሽማግሌው ተነሣ፤ አልመለሰላትም።
ማሞቂያውን ሊጠግን ጀርባውን ሰጠን፤
መፍቻው በእጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየን።

ቅዳሜ፣ ሸሽቶ የገባን ሰው በሚመልስ አገር ኤምባሲ በር
ዐሥራ አንድ ሆነን ቆምን፤
ፖሊሱ ቆጠረን፣ ደግሞ መልሶ ቆጠረን።
ባንዲራ የለበሱት «ቀይ!» አሉት እሱን፤
ከማዶ ያሉት ደግሞ «ቅጥረኛ!» አሏት እሷን።
በረዶ ይጥላል። ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳላት።
«ግድ የለም» አለች።
እሱ ግን አልወሰደም፤ እንደ ዘረጋ ቆየላት፤
በሁለት እጇ ተቀበለች።

ሰኞ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ወለወለች፤
ከጠረጴዛዬ ሥር፣ መወልወያው ያልደረሰባት፣ አንዲት ጥግ ቀረች።
«ስፋት» ከሚለው ጎን የጻፍኩት እንዳለ ነው፦
ሁለት ክንድ ከስንዝር።
አለቃዬ በቀይ ቀለም «በሜትር ይሁን» ብላ መለሰችው።
ማታ ሁሉም ሲሄድ ክንዴን ዘርግቼ ለካሁ፤
ከሷ ክንድ ይረዝማል።
ፋይሉ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው።