ብሎኑ የታል?

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ
ያዳማ አቧራ ማንንም ሳይረሳ
እኔም ሱቅ ይደርሳል።
ሱቅ ስል ሱቅ አይደለም፤ ከደረጃ በታች
ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት ታዛ፣
አንዲት አምፖል፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ፣
በብስኩት ካርቶን ውስጥ የሞቱ ስልኮች፤
ካንዱ ዓይን፣ ካንዱ ጆሮ እየነቀልኩ
በሕይወት ላሉት የምሰጥ።

አንድ ማክሰኞ ቀን ጋሽ ጉርሜሳ መጡ፤
በነጭ መሐረብ የተጠቀለለ ስልክ ይዘው ተቀመጡ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከድሮው ባቡር ጋር
ብሎን ሲያጠብቁ፣ ብሎን ሲያላሉ፣
ዛሬም አስፋልት ላይ ሲሄዱ ካያችሁ
የሐዲዱን እንጨት አንድ በአንድ የሚረግጡ ይመስላሉ።

ስልኩ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤
ሆዱ ተነፍቷል፣
የጀርባው መስታወት ካንድ ጎን ተገፍቷል።
አገላበጡት፤ ጠርዙን በጥፍር ዳሰሱ፣
መነጽር አወለቁ፣ መነጽር መለሱ፤
«ልጄ፣» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ብሎኑ የታል?»

«የለውም፣ ጋሼ። በሙጫ ነው የታሸገው።»

«በሙጫ!»
እንደ ስድብ ደገሙት።
«በር የሌለው ቤት ስሙ ማነው?»
መልሴን አልጠበቁም።
«መቃብር ነው።

በኛ ጊዜ ሬዲዮ ድንጋዩ ሲደክም
ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እናሞቀው ነበር፤
እምቢ ካለም ደግሞ በጥርስ ነከስ አርገን
ላንድ ዜና ያህል እናኖረው ነበር።
ሲሞት ሞተ ነዋ፤ ከኪዮስክ ሌላ ድንጋይ፣
ክዳኑን ባውራ ጣት ገፋ፣ አለቀ።
ድንጋዩ ሞተ ብሎ ሬዲዮውን የቀበረ
ሰው አይቼ አላውቅም።»

ምን ልበል? እኔ እንጀራዬ ይኸው ነው።
ማሞቂያውን አበራሁ።
ያረጀ የሲም ካርድ ጠርዝ፣ አንድ ጠብታ አልኮል፣
ከዚያ ቀስ፣ ቀስ፣
ቀስ።
ይቺን «ቀስ» ማንም አያስተምርም፤
የሦስት ሰው ስክሪን ሰብሬ
ሦስቴ ከኪሴ ከፍዬ ነው ያገኘኋት።
ባትሪ ከተወጋ ደግሞ እሳት ነው፤
ግራ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ ይመስክር።

ጢቅ አለ።
ጥግ ላይ፣ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ።
በጣቴ ሸፈንኩት።
ከዚያ ጣቴን አነሣሁ።
«ሰነጠቅኩት፣ ጋሽ ጉርሜሳ።»

ንፋሱ ላስቲኩን መታ። አንዲት ባጃጅ አለፈች።
«አንቺ አይደለሽም፣» አሉ፣
«እንዳይከፈት ብሎ የሠራው ነው።»

ውስጡን ሲያዩ ግን ሳቃቸው መጣ፦
«ይኸውልሽ! አለውማ! ብሎን አለው!»
አሥራ አንድ ብሎን፣ ከጤፍ ብትበልጥ ጥቂት፣
ከሙጫው ግንብ ኋላ የተደበቁ።
እየፈታሁ ስሰጣቸው
መሐረቡ ላይ በሁለት ረድፍ ደረደሩ፤
ሐዲድ ሠሩ።

ያበጠውን ድንጋይ አውጥቼ፣ ሌላ ተክዬ፣
ሙጫ ላነሣ ስል እጄን ያዙ።
«ተይው።»
«ውሃ ይገባዋል፣ ጋሼ።»
«እኔ ዋና አልሄድም።»
«አቧራስ?»
«አቧራ የቤት ሰው ነው።»
ከኮታቸው ኪስ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ አወጡ፤
አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች።
ምን ያህል መወጠር እንዳለበት
እጃቸው ያውቅ ነበር።

ለስንጥቁ ልቀንስ ብል አልሰማም አሉ፤ ከፍለው ሄዱ።

ከወር በኋላ በፍራንኮ በኩል ሳልፍ
አጥር ጥላ ሥር አየኋቸው፤
መሐረቡ ተዘርግቷል፣
ስልኩ ሆዱን ከፍቶ ተኝቷል፣
ሁለት የሊስትሮ ልጆች አንገታቸውን አስግገው
ብሎን እየቆጠሩ ነው።
«ምነው፣ ምን ሆነ?» አልኩ ደንግጬ።

«ምንም። መክፈት እችል እንደሆን ላየው ብዬ።»

አንድ ደንበኛ ጎደለብኝ።
መንገዱን ሁሉ ስስቅ ሄድኩ፣
አቧራው ጥርሴ መሐል ቀጭ ቀጭ እስኪል።