የ

አጎቴ ይነሱ፣ ሰባ ሊሞላቸው ሦስት ወር ሲቀር፣
በካርቶን ጀርባ ዛፍ ሣሉ፤ ግንዱ ቀይ፣ ቅጠሉ እኛው፣
ከሥሩ አንድ ባዶ ክብ።
«ቀኛዝማች አጥናፍሰገድ ናቸው እዚህ የሚገቡት፤
ደም አይደበቅም፤ አፍንጫዬን አታየውም?
ማስረጃ ብቻ ነው የጎደለኝ፤
አንተ ፊደል የቆጠርክ ነህ፣ ፒያሳ ውጣና አምጣልኝ።»

ወጣሁ።
ከማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ፣
መነጽራቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ
አቶ ልሳነወርቅ፣ ቀና ሳይሉ፣
«የማን ልጅ?»
የሙላት የልጅ ልጅ።
«ሙላት የማን?»
የምንዳዬ።
«ምንዳዬስ?»
ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ የአጥናፍሰገድ! አልኩ።
አፌ ውስጥ የነበረችውን ፊደል
ያኔ አልሰማኋትም።

ሦስት ሳምንት አቧራ በላሁ።
የአጥር ክርክር፣ የበቅሎ ዋስትና፣ የተካደ አሞሌ፤
አንዱ ጎረቤቱን «ባሕር ዛፌን ቆረጠብኝ» ብሎ
አሥራ አንድ ዓመት ከሶ፣
ከሳሽም ሞተ፣ ተከሳሽም ሞተ፣
ዛፉ አቆጥቁጦ ለምስክርነት ቆመ።
ብቻዬን ስስቅ አቶ ልሳነወርቅ ገላመጡኝ።
ከአጥሩ ማዶ ግሬደር ያጓራል፤
ደጃች ውቤ ሰፈር ጣሪያ በወረደ ቁጥር
ጠረጴዛው ይርዳል፤
የጭቃው ግድግዳና የመዝገቡ አቧራ
ሽፋሽፍቴ ላይ ይገናኛሉ፣
እንደ ድሮ ጎረቤት።

ቀኛዝማቹ ለመገኘት አላስቸገሩም።
ባለ መሬት ወረቀት መቼ ያጣል፤
ሲሾሙ ተጽፏል፣ ሲሻሩ ተጽፏል፣
ታመው የጠጡት ኮሶ ሳይቀር ተጽፏል።
በአንዱ ዝርዝር፣ በሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ስድስት፣
እንዲህ ይላል፦
«በቅሎ አራት፤
ጠመንጃ ስምንት፤
ምንጣፍ ሁለት፣ አንደኛው እሳት የነካው፤
አንዲት ሴት ከነልጇ፤
ልጁ ምንዳዬ፣ የአጥናፍሰገድ።»

የ።
መቃው ሳይንቀጠቀጥ የጻፋት፣
ከበቅሎዋ ሦስት መስመር ዝቅ ብላ የተቀመጠች።
ከዚያ ወዲህ በኪራይ ደብተሩ የለችም፣
በግብሩ ደረሰኝ የለችም፣ በአያቴ መታወቂያ የለችም፤
አንዱ ጸሐፊ ቸኩሎ፣ ወይ አዝኖ፣ ወይ መስመር ጠቦት
ጣላት፤
እሷ ወደቀች፣ ጌታው አባት ሆነ።
ሐረግ እንዲህ ነው፣
ያገኘው ግንድ ላይ ይጠመጠማል።

ሴቲቱስ?
አራዳ ጊዮርጊስ፣ ከቅጥሩ ጓሮ፣ መምሬ ክንፉ
ገበታው የተሰነጠቀ ዳዊት ገልጠው አሳዩኝ፤
ከኅዳጉ፣ የሰም ጠብታ ሊውጠው ምንም ያልቀረው፣
«ወለተ ጻድቅ፣ የምንዳዬ እናት።»
የክርስትና ስም ነው፣ ውሃ ሲያፈሱባት የሰጧት።
እናቷ በየትኛው ወንዝ ማዶ፣ በየትኛው ቋንቋ፣
ሲመሽ ምን ብላ ወደ ቤት እንደጠራቻት፣
ለእሱ ብራና አልተፋቀም።

ለአጎቴ ሳልሸሽግ ነገርኳቸው።
አፍንጫቸውን ዳበስ አደረጉ።
ሻዩ በረደ።
ይቆጣሉ ብዬ ጫማዬን ሳይ፣
«ስሟስ?» አሉኝ።
ወለተ ጻድቅ።
«እሱን አይደለም» አሉ። «ስሟን።»

የልደታቸው ቀን ካርቶኑ ሳሎን ተሰቀለ፤
ክቡ እንደ ባዶ ነው።
«እስክሪብቶ አልቆባቸው ይሆናል» ይላል ያየ እንግዳ፣
ዳቦውን እያላመጠ።
አሁን ባንክ ቤትም፣ ክሊኒክም፣ ሙሉ ስም ሲባሉ
«ይነሱ ሙላት ምንዳዬ» ይላሉ፤
«የ…» ይሉና
ጉሮሯቸውን ጠርገው፣
ወረፋቸውን ለኋለኛው ሰው ይለቃሉ።